የታረመው ሲዲ

አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥቤ ለመሰናዶ ሳይደርስ በቀረበት ክረምት ታላቅ ወንድሜ እንጅባራ ላይ ጌም ቤት ከፈተ። እሱ ከእንጅባራ ባሕር ዳር የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ስለነበር ቤቱን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥራ አልነበረኝም። «ምን እንደምትሠሪ እስክትወስኚ ድረስ ተቀመጭበት» አለኝ። እስክወስን ድረስ አራት ዓመት ተቀመጥኩበት።

ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር፤ ሌላ ዕቃ የላትም። እንጅባራ ብርድ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ ሰው ግማሹ ለመጫወት፣ ግማሹ ለመጠለል ይገባና ሁሉም መጨረሻው መጫወት ይሆናል። በአንደኛው ቴሌቪዥን ኳስ፣ በሁለተኛው ድብድብ ነበር የምናጫውተው። ኳሱ አይገባኝም ነበር። ድብድቡን ግን ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ ብቻዬን ከማሽኑ ጋር እየተጋጠምኩ ለመድኩት።

የተደባዳቢዎቹ ስም በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ማንም በስማቸው አይጠራቸውም። ልጆቹ የራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል። ትከሻው እንደ በር የሰፋው «ግንበኛው» ነበር። ክንፍ የመሰለ ካባ ለብሶ ከላይ የሚወርደው «አሞራው» ነበር። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰው፣ ዱላ ይዞ የሚያነክሰው ደግሞ «ሽማግሌው»። ሽማግሌውን የሚመርጥ የለም፤ ዱላው አጭር፣ እጁ ዘገምተኛ ነው። የሚመረጠው ሰው ሊያሾፍ ሲፈልግ ብቻ ነበር።

የእኔ አሞራው ነበር። ከላይ ዘልዬ በሁለት እግሬ የባላጋራዬን ደረት እመታለሁ፤ መሬት ስነካ ወዲያው ዝቅ ብዬ እግሩን እጠርገዋለሁ፤ ይወድቃል። ሲነሣ እንደገና ከላይ። ጥግ ካስያዝኩት አለቀለት፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የጉልበቱ መስመር እስኪያልቅ ቀና አይልም። ይህቺን አንዲት ዘዴ ይዤ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤቱ አንደኛ ሆኜ ኖርኩ። «ከእሷ ጋር መጫወት ቅጣት ነው» ይላሉ፤ ግን እየተሰለፉ ይቀጣሉ። ከዳንግላ ሳይቀር አንድ ረጅም ልጅ፣ እዚያ የራሱ ጌም ቤት ያለው፣ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ተመልሷል። ትምህርቱ ባይቀናኝም እዚያች ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን የሚነካኝ አልነበረም። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር በሩ ላይ ቆሙ። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ግራ ጎናቸውን መትቷቸው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እግራቸው ቢመለስም ግራ እጃቸውን ኮት ኪስ ውስጥ ከተው ነው የሚሄዱት። ልጆቹ ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ተነሡ፤ አንዱማ ማስቲካውን ዋጠ።

መምህሩ የማንንም ፊት አላዩም። የሚያዩት የልጆቹን አውራ ጣት ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼ ነገር ጣት ያሠራል?»

«ምን አሉኝ ቲቸር?»

«ሐኪሙ ጣትህን አሠራው ብሎ ኳስ ሰጥቶኛል። ኳስ ስጨብጥ ውዬ ስጨብጥ አመሻለሁ። ሰለቸኝ። በግራ አውራ ጣት የሚሠራ ሥራ አለው?»

አለው እንጂ። በዚህ ጨዋታ መምታት በቀኝ እጅ ነው፤ መሄድ፣ መዝለል፣ ማጎንበስና መከላከል ግን በሙሉ በግራ አውራ ጣት ነው። ይህንን ስነግራቸው ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አድርጌ ግራ ጣታቸውን ቦታው ላይ አኖርኩላቸው፤ ጣታቸው ቀዝቃዛና ከባድ ነበር። ተደባዳቢ ይምረጡ ስላቸው ሁሉንም አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና ሽማግሌውን መረጡ።

«እሱ ደካማ ነው ቲቸር» አለ ከኋላ አንዱ።

«እኔስ?» አሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ሳይቀሩ ይመጡ ጀመር። በሁሉም ተሸነፉ። እኔም፣ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩም፣ ከዩኒቨርሲቲው ግንባታ ላይ ለምሳ የሚወጡት ሠራተኞችም አሸነፍናቸው። አንድም ቀን ሲያፍሩ አላየሁም። ሲናደዱ ብቻ በለሆሳስ በአገውኛ የሆነ ነገር ይላሉ፤ ትውልዳቸው አዘና አካባቢ ነው። ከእኛ ቤት የሚናገረው ስለሌለ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ቋንቋውን የሚያውቁት ልጆች ግን ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ። ሲጨርሱ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው የሆነ ነገር ይጽፋሉ። የመድኃኒታቸው ሰዓት ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ወር ያህል እንደተሸነፉ አንድ ቀን አዘንኩላቸው። ጥግ አስይዣቸው ሳለሁ ዘዴዬን ተውኩና ዝም ብዬ ቆሜ ተመታሁላቸው። አሸነፉ። ልጆቹ አጨበጨቡ። መምህሩ ጆይስቲኩን ቀስ ብለው አስቀመጡና ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለማወቅ የተሳሳተና ሆን ብሎ የተሳሳተ መልስ ይለያል። ሁለተኛ እንዳትሠሪው።»

«ይቅርታ ቲቸር» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምንም አላዘንኩላቸውም፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ተሸነፉ።

ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ወንድሜ ከባሕር ዳር አዲስ ሲዲ ይዞ መጣ። «ያው ድብድቡ ነው» አለኝ፣ «ግን ታርሞ ነው የወጣው አለኝ ሻጩ። ደካሞቹን አጠንክረው፣ ጉልበተኞቹን ቀንሰው፣ ሚዛኑን አስተካክለው በድጋሚ ያወጡት ነው።» ሽፋኑ ላይ ያሉት ፊቶች ያው የምናውቃቸው ናቸው። ተደባዳቢ ተቀነሰ፣ ተጠናከረ ማለት ምን እንደሆነ ብዙም አላሰብኩበትም። ከተንኩት።

መጀመሪያ ግንበኛውን መርጦ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ራውንድ እንኳ በልቶኝ አያውቅም። እንደ ልማዴ ከላይ ወረድኩበት፣ አረፍኩ፣ እግሩን ልጠርግ ዝቅ አልኩ። አሞራው ግን ሲያርፍ ለቅጽበት ያህል ክንፉን ሰብስቦ ቆመ፤ ድሮ እንዲህ አይልም ነበር። በዚያች ቅጽበት ግንበኛው ተከላከለና በሁለት እጁ አንሥቶ መሬት ላይ አፈረጠኝ። ሁለተኛ ሞከርኩ። ያው። ሦስተኛ ሞከርኩ። ተሸነፍኩ። እንደገና ተጋጠምን፤ ተሸነፍኩ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ፀጉር አስተካካዩ የሚጠብቀውን ደንበኛ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ጠርቶ አሳየው።

«ሲዲው ተበላሽቷል» አልኩና አወጣሁት። በነጠላዬ ጫፍ ጠራርጌ መለስኩት። በሌላ ልጅ ተሸነፍኩ። ያን ጊዜ አሮጌውን ሲዲ ከተትኩና ለሁሉም «አዲሱ ተጭሯል፤ አይሠራም» አልኳቸው። ውሸት ነው። ሲዲውን ከቴሌቪዥኑ ሥር ሸጎጥኩት። ማታ ቤት ስገባ እናቴ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? አንድ ሥዕል ሲያርፍ ትንሽ ቆየ ብዬ?

መምህሩ በዚያ ሳምንት ለሕክምና ክትትል ባሕር ዳር ሄደው ነበር። ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ነበርና ሳይቀመጡ «ሽማግሌውን አጠነከሩት አሉ» አሉኝ።

«ሲዲው ተጭሯል ቲቸር።»

«እስቲ አምጪው።»

የማሳብብበት ወንድሜ መንገድ ላይ ነው። ልጆቹ ያያሉ። ከቴሌቪዥኑ ሥር አወጣሁና ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ወስደው ወደ ብርሃኑ አዘንብለው አዩት፤ በቀኝ አገላብጠው በግራ አገላብጠው።

«ጭረት የለውም» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ።

«የለውም» አልኩ።

በሩ ላይ ካለችው ዱካ፣ ከትንሿ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «መጽሐፉ የተቀየረ ዓመት» አሉኝ፣ «ስንት ዓመት ያስተማርኩበትን ዘዴ አዲሱ መጽሐፍ አውጥቶ ጣለው። አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ አኮረፍኩ። አሮጌውን መጽሐፍ ይዤ ነበር ክፍል የምገባው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፈተናው በአዲሱ መጣ። ልጆቼ ወደቁ። እኔ አኩርፌ እነሱ ወደቁ።» ሲዲውን መለሱልኝ። «ይኼ ግን የማንንም ልጅ አይጥልም። ክተችው፤ ብንሸነፍ እኔና አንቺ ነን።»

ከተትኩት። መምህሩ ሽማግሌውን፣ እኔ አሞራውን ያዝን። የሽማግሌው ዱላ በአንድ ክንድ ረዝሟል፤ ሲሰነዝርም ፈጥኗል። አሁን ከላይ ስወርድ ዱላው ቀድሞ ይጠብቀኛል። እውነተኛ ድብድብ ነበር፤ ምንም አላዘንኩላቸውም። በሦስተኛው ራውንድ አሸነፉኝ። ልጆቹ መምህሩን ሊሸከሟቸው ምንም አልቀራቸውም። እሳቸው ግን ፈገግ ካሉ በኋላ ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩና «አሁን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ወይስ ዱላውን ያረዘመው ሰውዬ?» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ ያዙ፤ መጀመሪያ በአሮጌው ሲዲ ይሸነፋሉ፣ ከዚያ በታረመው ይጫወታሉ።

በዚያው ሰሞን ሚስታቸው መጡ። መምህሩ ከምሳ በኋላ ለእጃቸው ሕክምና እንደሚሄዱ ነበር የነገሯቸው፤ ሕክምናው ከመናኸሪያ ጀርባ መሆኑን ግን ሰው ነግሯቸዋል። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራገፉና ገቡ። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው «ዘልለህ ና! ና ውረድ!» እያሉ ይጮሃሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። መምህሩ ዝምታውን ሰምተው ሲዞሩ ሚስታቸውን አዩ።

«ሕክምና ላይ ነኝ» አሉ።

ሚስታቸው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ያዩ የነበረው ስክሪኑን ሳይሆን የባላቸውን ግራ አውራ ጣት ነበር፤ ጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይላል። ትንሽ ቆይተው «ያቺን ዱላ ዝቅ አድርጋት፤ እግሩን አይከላከልም እኮ» አሉ። ሳቁ ወደ ጎዳናው ወጣ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ አብረው ይመጡ ነበር፤ ሚስታቸው አይጫወቱም፤ ያርማሉ።

እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ መከላከል አላውቅም ነበር! የሚያስፈልገኝ ጊዜ አልነበረም። አሁን በሁሉም እየተሸነፍኩ ተማርኩት። መምህሩ ደብተራቸውን አሳዩኝ፤ የመድኃኒት ሰዓት አይደለም። የትኛው ምት የትኛውን እንደሚቀድም በሠንጠረዥ አስፍረውታል፤ ከላይ ከወረደ ምን፣ ዝቅ ካለ ምን። ሠንጠረዡን ሳይ ሳላስበው «ቲቸር፣ ሒሳብ ቢያስጠኑኝ?» አልኳቸው። «መቼ ትጠይቂኝ ይሆን እያልኩ ነበር» አሉ። ጠዋት ጠዋት ጌም ቤቱ ሳይከፈት ቴሌቪዥኖቹ መሃል ተቀምጠን እንሠራ ነበር። ኋላ በግል ተፈትኜ መምህራን ኮሌጅ የገባሁት በዚያ ነው። የእሳቸውም ሸሚዝ የደረት ቁልፍ፣ ሚስታቸው ይቆልፉላቸው የነበረው፣ በራሳቸው እጅ መቆለፍ ጀመረ።

የዳንግላው ረጅም ልጅ ጥሪ የላከልን መስከረም ላይ ነው። «ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ፤ አሁን እናንተ ኑ» ብሎ በወንድሜ በኩል ነገረን። ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ መምህሩና ፀጉር አስተካካዩ በወንድሜ ሚኒባስ ሄድን። ዝናቡ አቁሞ ሜዳው ሁሉ አደይ ለብሷል። መምህሩ ክራባት አስረው ነበር።

የልጁ ጌም ቤት ከእኛ ሰፋ ይላል፤ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ቆሟል። ስክሪኑን አየሁት፤ አሮጌው ሲዲ ነው። የታረመው ዳንግላ አልደረሰም። ዘዴዬ እዚህ ይሠራል ማለት ነው።

ላልጠቀምበት ለራሴ ቃል ገባሁ። መከላከል ተምሬያለሁ፤ በወጉ እጫወታለሁ አልኩ። የመጀመሪያውን ራውንድ በወጉ ተጫውቼ ተበላሁ። ሁለተኛው ላይ ጥግ ሲያስይዘኝ አውራ ጣቴ እኔን ሳያማክር ዘለለ። ከላይ፣ ዝቅ፣ ጠረግ። ከላይ፣ ዝቅ፣ ጠረግ። የቀሩትን ሁለቱንም ራውንድ ወሰድኩ። ረጅሙ ልጅ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ሳቀ። «ይቺን ነገር እኮ እኔ ራሴም ተምሬያታለሁ» አለኝ። «መፍቻዋን ግን አላገኘሁም።»

ተራው የመምህሩ ሆነ። ሽማግሌውን ሲመርጡ የዳንግላ ልጆች ተንሾካሾኩ። ረጅሙ ልጅ አሞራውን መረጠ፤ እንዳለውም ዘዴዬን በደንብ ተምሮታል። የመጀመሪያውን ራውንድ መምህሩ ከመሬት ሳይነሡ አለቀ። በእኔው ዘዴ በሌላ ሰው እጅ ሲቀጠቀጡ ማየት ደስ አይልም።

ሁለተኛው ራውንድ ላይም ጥግ ያዛቸው። ወደቁ። አሞራው ዘለለ። ሽማግሌው ሲነሣ ግን መምህሩ አልሸሹም፣ አልተከላከሉም፤ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ወደ አሞራው ሥር ገቡና ዱላውን ሽቅብ ሰነዘሩት። አሞራው አየር ላይ ተመትቶ በጀርባው ወደቀ። ዕድል መስሎን ነበር። ተነሣ፣ እንደገና ዘለለ፤ መምህሩ እንደገና አንድ እርምጃ ገብተው ሽቅብ። እንደገና። ደካማው ሽማግሌ፣ ባልረዘመች ዱላው። ራውንዱን ወሰዱ። በሦስተኛው ረጅሙ ልጅ መዝለል ፈራ፤ መዝለል የፈራ አሞራ ደግሞ ምንም አይደለም። መምህሩ አሸነፉ።

የዳንግላ ልጆች ቤቱን አቀለጡት። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። የዘዴዬ ቀዳዳ ከመጀመሪያውም ነበረ ማለት ነው፤ ሲዲው ሳይታረምም ልሸነፍ እችል ነበር። እናደዳለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተናደድኩም። እንዲያውም የሆነ ነገር ከትከሻዬ ላይ እንደወረደ ሁሉ ቀለለኝ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። «መቼ ነው ያገኙት?»

«አምና። ደብተሩ ላይ አለ። ጣቴ ነበር ያልደረሰልኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ ለተፈታኝ መልሱን አስቀድሞ የሚናገር ፈታኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ወንበር ሆኖ እስኪያስለው ሳቀ። ወንድሜ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ሚኒባሱን አቆመ። መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል፤ ከጆንያዎቹ አጠገብ አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች። ወርደን ድንች ያዝን። ሴትዮዋ መምህሩን በክራባታቸው አይታ በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ከየት ነው እንዲህ ደስ ብሎዎት የሚመጡት ያለቻቸው መሰለኝ። መምህሩ ድንቹን በግራ እጃቸው ይዘው ይነግሯት ጀመር። በቀኝ እጃቸው ከላይ መውረዱን አሳዩ፣ ዱላውን ሽቅብ ሰነዘሩ፣ ክራባታቸው ትከሻቸው ላይ ዞረ። ከሁሉ የገባኝ «ዳንግላ» የሚለው ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ከድስቱ ሁለት ትልልቅ ድንች አውጥታ ምራቂ ብላ እጃችን ላይ አኖረችልን።